«መድኃኒት ስጡኝ እንጂ ዱቄት መቼ አልኩ?»

አንድ ወዳጄ የሁለት ዓመት ልጁን ተቅማጥ ያዘውና ክሊኒክ ወሰደው። ነርሷ የልጁን ሆድ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ዓይኑን አየች። ውኃ ሰጥታው እንዴት እንደሚጠጣ ተመለከተች። ከዚያ ኦአርኤስ የሚባለውን በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት ከዚንክ ክኒን ጋር ሰጥታ ሸኘቻቸው። ወዳጄ በንዴት ደወለልኝ። «መድኃኒት ስጡኝ እንጂ ዱቄት መቼ አልኩ? ግሉኮስ እንኳ አልሰቀሉለትም!»

እውነቱን ለመናገር እኔም አብሬው ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ግን ነርሷ ያጠፋችው ነገር የለም። ምናልባት ለምን ዱቄት እንደሰጠችው ሁለት ደቂቃ ወስዳ ብታስረዳው ይሻል ነበር።

የኦአርኤስ ችግር አለመሥራቱ አይደለም፤ መድኃኒት አለመምሰሉ ነው። ርካሽ ነው። ጨው ጨው ይላል። ይባስ ብሎ ተቅማጡን አያቆምም። ልጁ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ሳይጨርስ እንደገና ያስቀምጠዋል። እናቱ «ይኸው፣ ምንም አልሠራም» ብትል አይፈረድባትም። ሁላችንም የምንቆጥረው ስንቴ እንዳስቀመጠው ነዋ!

ተቅማጥ ሕፃን የሚገድለው ግን ስላመላለሰው አይደለም። ውኃውንና ጨውን አሟጦ ስለሚወስድበት ነው። ኦአርኤስ የሚተካው ያንን ነው። ብልሃቱ ያለው ደግሞ ስኳሩ ላይ ነው። አንጀታችን ጨውንና ግሉኮስ የተባለውን ስኳር አንድ ላይ የሚያስገባ በር አለው። ይህ በር ተቅማጡ በበረታበት ሰዓትም ይሠራል። ሁለቱ ሲገቡ ውኃው ይከተላቸዋል። ስለዚህ ስኳሩ ለማጣፈጫ የገባ እንዳይመስላችሁ። ልኩን ካለፈ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውኃ ከሰውነት ወደ አንጀት ይስብና ተቅማጡን ያባብሰዋል። ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ጭማቂ ለተቅማጥ የማይመከሩት ለዚህ ነው።

ይህ ዱቄት የተፈተነው ደግሞ በቀላል ቦታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ሁለት ወጣት ሐኪሞች በዛሬዋ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ ውስጥ በኮሌራ በሽተኞች ላይ ሞክረውት ውጤቱን አሳዩ። በ1971 የባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ሲነሳ ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ተሰደዱ፤ ኮሌራም መጠለያው ውስጥ ገባ። ቦንጋኦን በተባለው ቦታ በሽተኛው ወለል ላይ ተነጥፎ ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅ ሆነ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባለው ሐኪም ጨውና ግሉኮስ በውኃ እያስበጠበጠ በበርሜል አስቀመጠ። እየቀዱ ያጠጡት የበሽተኞቹ ዘመዶች ናቸው። ከበሽተኞቹ 30 በመቶ ገደማ ይሞቱ የነበረበት ቦታ ሞቱ ከ4 በመቶ በታች ወረደ። በርሜልና ኩባያ ብቻ!

ይህ ከሆነ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። ሆኖም በዓለም ጤና ድርጅት ግምት አሁንም በዓመት 440,000 ገደማ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በተቅማጥ ይሞታሉ። ለምን?

«ባለሙያው ስለማያውቅ ነው» የሚል መልስ ይቀናናል። እ.ኤ.አ. በ2024 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የሕንድ ጥናት ግን ሌላ ነገር አገኘ። ተመራማሪዎቹ የታመመ ልጅ ያላቸው የሚያስመስሉ ሰዎችን ከ2,000 በላይ ወደሚሆኑ ባለሙያዎች ላኩ። አንዳንዶቹ ኦአርኤስ እንደሚፈልጉ ተናገሩ፤ ሌሎቹ ዝም አሉ። ኦአርኤስ ሳይታዘዝ ከቀረበት ውስጥ 42 በመቶ ያህሉ የመጣው «ሰውየው ይሄን አይፈልግም» ከሚል ግምት ነው። ከሌላ መድኃኒት የሚገኘው ትርፍና የኦአርኤስ አለመኖር ድርሻቸው ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ወላጅ በአፉ ሲጠይቅ ደግሞ የሚታዘዝለት ይበዛል።

እንግዲህ ሐኪሙ የወላጁን ፊት ይፈራል፤ ወላጁ ከሐኪሙ ይጠብቃል። መሀል ላይ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። የሚገርመው የሕፃናት ውኃ መሳይ ተቅማጥ በአብዛኛው ያለ አንቲባዮቲክ የሚድን ነው፤ መንስኤው ቫይረስ ከሆነማ አንቲባዮቲኩ ከነጭራሹ አይነካውም። ደም የቀላቀለ ሲሆን ወይም ኮሌራ ሲጠረጠር ሌላ ጉዳይ ነው። ወዳጄ «ግሉኮስ» ብሎ የተመኘው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽም ቦታ አለው፤ ለመጠጣት አቅም ላጣና ክፉኛ ለደረቀ ልጅ ነው። ነርሷ ቆዳውን ስትቆነጥጥ የፈለገችውም ይህንኑ ነበር። ቆዳው ቶሎ ካልተመለሰ፣ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ልጁ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው ኦአርኤስ እየሰጡ ቤት መቆየት የለም፤ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። በር ላይ ሆናችሁም ቢሆን «ኦአርኤስና ዚንክ ይሰጠን» በሉ። ባለሙያው ይገላገላል። ከዚያም እንደ መድኃኒት ቁጠሩት። ፓኬቱን ከፋፍሎ መበጥበጥ የለም፤ ላዩ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ሙሉውን ነው፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 በማንኪያ ወይም በኩባያ ቀስ እያሉ መስጠት ነው። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ቆይቶ እንደገና፣ አሁንም በዝግታ። ጡትም ምግብም አይቋረጥም። ፓኬት ከጠፋ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ልሙጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ሲበዛ አደገኛ ነውና በግምት አይሁን።

መከላከሉም ላይ ያው የተሳሳተውን ነገር የመቁጠር ችግር አለ። «ልጄ የሮታ ክትባት ወስዶ ተቅማጥ ያዘው፤ ክትባቱ ምን ጠቀመ?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ተቅማጥ የሚያመጣው ሮታ የተባለው ቫይረስ ብቻ አይደለም። ክትባቱም በዋናነት የሚከላከለው ሆስፒታል የሚያስተኛውን ከባዱን ነው። ያልተኛን ልጅ ግን ማን ይቆጥራል? እጅ በሳሙና መታጠብም እንዲሁ ነው፤ ያስቀረው ሕመም ዓይን ውስጥ አይገባም። በዚህ አጋጣሚ የሕፃን ዓይነ ምድር ንጹሕ ነው የሚሉ ሰዎች ነገር ይገርመኛል። ጀርሙ ዕድሜ አይመርጥም። ዳይፐር ቀይሮ ሳይታጠቡ ምግብ መንካት የሽንት ቤት እጅ ይዞ ማዕድ እንደመቅረብ ነው።

ወዳጄ በአራተኛው ቀን ደወለልኝ። ልጁ ድኗል፤ ከኋላው ሲጮህ ይሰማል።

«ዚንኩስ ስንት ቀን ቀረው?» አልኩት።

«እሱንማ ተውኩት፤ ተሻለው እኮ!»

ዚንክ የሚሰጠው ከ10 እስከ 14 ቀን ነው። ተቅማጡ ቢያቆምም ይቀጥላል፤ በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ወራት ሕመሙ እንዳይመለስ ያግዛል። ይህን ስነግረው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሚስቱን ሲጠይቃት ሰማሁት፦ «ያ ክኒን የት ገባ?»