የስደተኛ የአውሮፕላን ቲኬት ስጦታ አይደለም

ወንድሜ፣ «አሜሪካ ስደተኛን በነጻ አሳፍራ ታመጣለች፣ ከዚያ ለዓመታት ቁጭ አድርጋ ትቀልባለች» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ግን እውነት አይደለም።

ቲኬቱ ብድር ነው። በስደተኞች ሰፈራ ፕሮግራም የሚሄድ ሰው ከመብረሩ በፊት የዕዳ ሰነድ ይፈርማል። የሚያበድረው ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት፣ አይኦኤም ነው። ወለድ የለውም። ግን ሰውየው በገባ በስድስት ወሩ ወርሃዊ ክፍያው ይጀምራል። የልጆቹም ቲኬት ወላጅ ላይ ይደመራል። ኬንያ ካለው የካኩማ የስደተኞች መጠለያ አራት ልጅ ይዛ የሄደች እናት ገና ሥራ ሳትይዝ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ዕዳ አለባት። ካልከፈለች ክሬዲቷ፣ ማለትም የዕዳ አከፋፈል ታሪኳ፣ ይበላሻል፤ ያ ደግሞ ቤት ልትከራይ ስትል ይመጣባታል።

«ትቀልባለች» ላልከው ደግሞ፣ የመጀመሪያው የማቋቋሚያ ድጋፍ ከ30 እስከ 90 ቀን ነው። ቤት ማግኘት፣ ፍራሽና ድስት ማሟላት፣ ልጆችን ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ እርዳታ ቢኖርም፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ የሚፈልገው ሰው ቶሎ ራሱን እንዲችል ነው። አገሩ መምህር የነበረ ሰው እንግሊዝኛው ሳይፈታ ዶሮ ፋብሪካ የሚገባው ለዚህ ነው። በእኔ እምነት ይሄ ጥድፊያ ልክ አይደለም፤ ቋንቋው እስኪገባው ጊዜ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

የሰፈራ ፕሮግራሙ ራሱ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ ታግዷል። ዲቪ የደረሰውን ደግሞ ከዚህ ጋር አትቀላቅለው፤ እሱ ቲኬቱን የሚገዛው ከኪሱ ነው።