«ሞት ለምደዋል» ላልከው

ወንድሜ፣ «የድንገተኛ ክፍል ነርሶች ሞት ለምደዋል፣ ድባቴ አይዛቸውም» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚህ ያስባል፤ ግን ስህተት ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ሲገባ እህቴ እዚሁ ደሴ ድንገተኛ ክፍል ነበረች። ከአዳር ስትመለስ ልጇ ሊያቅፋት ይሮጣል፤ እጇን ዘርግታ ታስቆመዋለች። አቦል የተቀዳላት ሲኒ በረካ እስኪደርስ ሳይነካ ይቀዘቅዛል። «አብሽሪ» እንላታለን፣ የለመደች መስሎን።

ድባቴ የወኔ ማነስ አይደለም፤ ሕመም ነው። መከፋት ወይም የሚወዱት ነገር ሁሉ ማስጠላት፣ ከእንቅልፍና ከምግብ ፍላጎት መዛባት ጋር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ መታየት አለበት። በምክርም በመድኃኒትም ይታከማል። በወረርሽኙ ጊዜ በብዙ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችም በጤና ባለሙያዎች ላይ በስፋት አግኝተውታል። እህቴን ለሕክምና እጇን ይዛ የወሰደቻት ባልደረባዋ ናት፤ እኛ ቤተሰቦቿ አልነበርንም።