በሂደት ላይ ላላችሁ ሁሉ

ዛሬ ምስጋና ላቀርብ ነው። ለሚጨርሱ ሰዎች አይደለም፤ እነሱ ጨርሰው ሄደዋል፣ አያነቡኝም። ምስጋናዬ ለእናንተ ነው፣ ሁሌም በሂደት ላይ ላላችሁት።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። አብሮን ሠርቶ የለቀቀ አንድ ልጅ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠየቀ። አንድ ገጽ ናት፣ እሷም ሙሉ አይደለችም። ስም፣ የሥራ መደብ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ፊርማ። ጉዳዩን የያዘውን ባልደረባዬን “የት ደረሰ?” አልኩት። ፊቱ በራ። “በሂደት ላይ ነው!” አለኝ፣ ወንድ ልጅ ተወለደልኝ በሚል ድምፅ።

ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ የሌለበት ቦታ ካለም ቅጥሩ በሂደት ላይ ነው። ጠዋት ቀድሞ ይገባል፣ ማታ አምሽቶ ይወጣል፣ በመሐል ደፋ ቀና ሲል ይውላል። “እንዴት ነህ?” ስትሉት “ቢዚ ነኝ” ይላችኋል። የጠየቃችሁት ስለ ጤናው ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ወረቀት አትንጋደድም፤ እስክሪብቶዎቹ በቁመት ተሰልፈዋል። እውነቱን ልናገር፣ እቀናበታለሁ። እኔ ሥራ ስጨርስ የሚታይ ነገር የለኝም፣ ወረቀቱ ይሄዳል፣ ጠረጴዛዬ ባዶ ይቀራል፣ ሥራ ፈት እመስላለሁ። እሱ ግን ምንም ስለማይጨርስ ሥራ የበዛበት ሰው ነው።

በዘዴም አይታማም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ ማጥናት እምቢ ቢለው፣ የቲማቲም ቅርጽ ያለው የወጥ ቤት ሰዓት እየሞላ መሥራት ጀመረ። ፖሞዶሮ የሚሉት ይኸው ነው፤ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት። የኛ ሰው አሻሽሎታል። በ25ቱ ደቂቃ ምን እንደሚሠራ ይመርጣል፣ በ5ቱ ከምርጫው ያርፋል።

“ና ላሳይህ” አለኝና ኤክሴሉን ከፈተ። ደብዳቤው 14ኛው ረድፍ ላይ ነው። ከጎኑ ባለቤት፣ የቅድሚያ ደረጃ፣ የተጀመረበት ቀን፣ ሊያልቅ የታሰበበት ቀን፣ አስተያየት፣ በአስተያየቱ ላይ የተሰጠ አስተያየት... 11 ዓምድ ቆጠርኩ። ረድፉ ቢጫ ተቀብቷል። “ቢጫ ምንድን ነው?” አልኩ። አለመጠየቅ ነበረብኝ። ለቀለሞቹ ማብራሪያ ራሱን የቻለ ገጽ አላቸው። ቀይ ያልተጀመረ፣ ብርቱካናማ ሊጀመር የታሰበ፣ ቢጫ የተጀመረ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው፣ ደማቅ አረንጓዴ ያለቀ፣ ግራጫ ለጊዜው ይቆይ የተባለ።

“ታዲያ ደብዳቤው ተጀምሯል?”

“በሐሳብ ደረጃ።”

“እንግዲያስ ብርቱካናማ መሆን የለበትም?”

ዝም አለ። በእውነት ተጨነቀ። ከዚያ ለሐሙስ ስብሰባ ጠራ።

ሐሙስ ሰባት ሆነን ተቀመጥን። ስለ ደብዳቤው እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ቢጫ። አንደኛው ማሰብም መጀመር ነው አለ። ሁለተኛዋ ሁለት ዓይነት ቢጫ ይኑር አለች፣ የሐሳብ ቢጫና የተግባር ቢጫ። ሦስተኛው ሠንጠረዡን በስልኩ ስለሚያይ ሁለቱ ቢጫዎች አይለዩልኝም፣ አንዱ መስመር ይግባበት አለ። አራተኛው “እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር” ብሎ ሁለተኛዋ ያለችውን ደገመው። የመስመሩ ጉዳይ ተነሣና ወደ ጎን ይሁን ወይስ ወደ ታች በሚለው ሌላ ሩብ ሰዓት ሄደ። አንዱ በቅንነት “ነጠብጣብስ?” ሲል ሰማሁት። በ50ኛው ደቂቃ ሁለቱ ቢጫዎች በመርህ ደረጃ ጸደቁ። ቃለ ጉባኤ ተይዟል። ቃለ ጉባኤውን መተየብ ራሱ 31ኛ ረድፍ ሆኖ ገባ፣ ቢጫ። በየትኛው ቢጫ እንደሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ እናያለን።

ከዚያ ሁሉ ረድፍ ደማቅ አረንጓዴ የሆነው አንድ ብቻ ነው። “ሠንጠረዡን ማዘመን” ይላል። እሱ በቀን ሁለቴ ያልቃል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ኦኤስኤስ የተባለው የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት፣ በጠላት ይዞታ ያለ ተራ ሰው ሥራን እንዴት እንደሚያሰናክል የሚመክር መመሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ማሽን ስለማበላሸት ብቻ አይደለም የሚያወራው። ጉዳዩን ሁሉ “ለተጨማሪ ጥናት” ለኮሚቴ ምሩት፤ ኮሚቴው በተቻለ መጠን ትልቅ ይሁን፣ ከአምስት ሰው አይነስ፤ በቃላት አጠቃቀም ተከራከሩ፤ ባለፈው ስብሰባ የተወሰነውን መልሳችሁ አንሡ፤ አንገብጋቢ ሥራ ሲኖር ስብሰባ ተቀመጡ ይላል። ያኔ ይህ የሰርጎ ገብ ሥራ ነበር፣ ቢያዙ አንገት የሚያስቀላ። እኛ ደመወዝ እየተከፈለን ነው የምንሠራው። ሰባት ነበርን ብያችኋለሁ አይደል?

ቆይ ግን፣ ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። ልጁ በየጠዋቱ ይደውል ነበር። “ይቅርታ፣ አስቸገርኩህ” እያለ። አዲሱ ቀጣሪ እስከ አርብ አምጣ ብሎታል። የገዛ መብቱን ይቅርታ እየጠየቀ ይለምናል፣ እኛ ቀለም እንመርጣለን! አያሳፍርም? ክፉ ሰው ስንት ጊዜ ይሻላል። ክፉ ሰው “አልሰጥም” ይልሃል፣ ረግመኸው ሌላ በር ታንኳኳለህ። “በሂደት ላይ ነው” የሚልህ ግን በፈገግታ ወንበር ስቦ ያስቀምጥሃል፣ ተነሥተህ እንዳትሄድም ተስፋ ያሲዝሃል።

ራስህ ለምን አልጻፍከውም ትሉኛላችሁ። “ባለቤት” የሚለው ዓምድ ላይ ስሜ የለማ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሰኞ ልጁ ደወለ። ድምፁ ቀዝቅዟል፣ ይቅርታም አልጠየቀም። “ተወው በቃ፣ ሌላ ሰው ቀጥረዋል” ብሎ ዘጋው። ሄጄ ለባልደረባዬ ነገርኩት። ከልቡ ነው ያዘነው፣ ይህን እመሰክርለታለሁ። ከንፈሩን መጠጠ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ኤክሴሉ ዞሮ 14ኛውን ረድፍ ፈለገና ደማቅ አረንጓዴ ቀባው።

“አንዱ ተዘጋ” አለኝ።