ክርክር፦ ሽማግሌዎቹ ስለተቆጡ የሙዚየም ጽሑፍ ይቀየራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦታዋ በሚገኘው የካናዳ የጦርነት ሙዚየም ግድግዳ ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ አገር ሰፍረው ጀርመንን በሌሊት ስለደበደቡት አየር ወታደሮች ነው። ድብደባው ጠቅሟል ወይ፣ ተገቢስ ነበር ወይ የሚለው እስከዛሬ እንደሚያጨቃጭቅ፣ 600,000 ጀርመናውያን እንዳለቁ፣ የጀርመን የጦር ምርት ግን እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ገደማ ብዙም እንዳልቀነሰ ይላል። በሕይወት የነበሩት ወታደሮች ወንጀለኛ የተባሉ ያህል ቆጠሩት። ጉዳዩ ሴኔት ደረሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ጽሑፉ ረዘም ባለ ሌላ ተቀየረ። ልክ ነበር?

ለወታደሮቹ የቆመው፦
መጀመሪያ ሰውየው የት እንደነበረ እንይ። ላንካስተር የሚባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሰባት ሰው ይይዛል። የኋላ ተኳሹ ከሌሎቹ ተነጥሎ ጭራው ላይ፣ እግር መዘርጊያ በሌላት ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣል። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። መስታወቱ ላይ ያለች ጭረት በጨለማ የጠላት አውሮፕላን እየመሰለች ስለምታሳስታቸው፣ ብዙዎቹ ፊት ለፊታቸው ያለውን መስታወት አስነቅለው ያንን ብርድ በባዶ ይጋፈጡት ነበር። ፓራሹቱ ደግሞ እሱ ጋ አይደለም። ቦታ ስለሌለ ከክፍሉ ውጪ ተሰቅሏል። አውሮፕላኑ ሲነድ በሩን ከፍቶ፣ እጁን ሰዶ፣ አውርዶ፣ ታጥቆ ነው የሚዘለው። ከደረሰ።

ይሄን 30 ጊዜ ካደረገ ነው እረፍት የሚሰጡት። ከ125,000 ገደማ በራሪዎች 55,573ቱ ሞተዋል፤ ወደ 10,000 የሚጠጉት ካናዳውያን ናቸው። ማርች 30 ቀን 1944 ማታ ኑረምበርግን ሊመቱ ከተነሱት 795 አውሮፕላኖች 95ቱ ሳይመለሱ ቀሩ። በአንድ ሌሊት! ሁሉም በፈቃዳቸው የገቡ፣ አብዛኞቹ ገና ሃያዎቹን የጀመሩ ልጆች። ከዚህ በኋላ አልበርም ያለ ፈሪ ተብሎ መዝገቡ ላይ ይሰፍርበታል። እንዲህ ሆኖ የተረፈ ሰው አርጅቶ የገዛ አገሩ ሙዚየም ሲሄድ የሚያነበው ‘ልፋታችሁ ብዙም አልጠቀመም’ ይሁን?

ለጽሑፉ የቆመችው፦
ይከብዳል፣ አልካድኩም። ግን ወንድሜ፣ ስለ ብርዱና ስለ ፓራሹቱ ያልከው ሁሉ እውነት ሆኖ ጽሑፉም እውነት ሊሆን ይችላል እኮ። ያጨቃጭቃል ነው ያለው። ይኸው እኛስ እየተጨቃጨቅን አይደል?

እንግሊዞቹ ራሳቸው በ1941 ያስጠኑትን እይ። ኢላማችንን መታን ካሉት ቡድኖች ውስጥ፣ ከኢላማው 8 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የደረሰው ከሦስት አንዱ ብቻ ነበር። በጨለማ ፋብሪካ ለይቶ መምታት አልተቻለም። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 1942 ላይ አዲስ መመሪያ ወጣ፤ ትኩረቱ የሕዝቡ፣ በተለይም የሠራተኛው ሞራል ላይ ይሁን ተባለ። ከተማው ይቃጠል ማለት ነው በቃ። በዓመቱ ጁላይ ላይ ሐምቡርግ ውስጥ እሳቱ የራሱን አውሎ ነፋስ ፈጠረ፣ ምድር ቤት የተደበቀውን ሁሉ አየር አሳጥቶ ጨረሰው። ወደ 40,000 ሰው። ይሄ በአንዲት አንቀጽ መነሳቱ ነው ሴኔት ያደረሰው?

ደግሞ እኛ ከታች ሆነን ቦምብ የቀመስን ሰዎች ነን። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጣሊያን ደሴን ከአየር ሲደበድብ፣ አብራሪው በርዶት ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ አለ?

ለወታደሮቹ የቆመው፦
ኧረ እህቴ፣ ምን አገናኘው! ጣሊያኑ የሰው አገር ሊወር የመጣ ነው። እነዚህ ወራሪ ሊያስቆሙ ውቅያኖስ የተሻገሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 ሂትለርን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚነካ ከነሱ ሌላ ማን ነበር? የአጋሮቹ ጦር ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ላይ እስኪወርድ ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር።

ምርቱ አልቀነሰም የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ባይደበደቡ ምን ያህል ያመርቱ ነበር? የሩሲያን ታንክ ሊመቱ ይችሉ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ መድፎች ጀርመን ከተሞች ላይ ወደ ሰማይ ተደግነው ቀሩ። ተዋጊ አውሮፕላኖቹም ከግንባር ተነስተው አገር ቤት ጥበቃ ገቡ። ያቺ አንቀጽ ይሄን ብትል ኖሮ ማን ይናደድ ነበር?

ለጽሑፉ የቆመችው፦
ይሄ ይጨመር ብትል አብሬህ እፈርማለሁ። እኔን የከነከነኝ አካሄዱ ነው። አራት የታሪክ ምሁራን ጽሑፉን እንዲያዩት ተደርጎ ነበር፣ እነሱም አንድ አቋም አልያዙም። ጽሑፉ የተቀየረው ግን ፖለቲከኛ ከገባበት በኋላ ነው። ነገ ሌላው ሲቆጣስ? ልጅ ሙዚየም ገብታ ‘አያቴ ያደረገው ልክ ነበር?’ ብላ ብትጠይቅ ማን ይጎዳል?

ለወታደሮቹ የቆመው፦
እሷማ አትጎዳም። የሚጎዳው አያትየው ነው። ከተማ ይቃጠል ያለው እሱ አይደለም። ድብደባውን የመራው ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1992 ለንደን ላይ ሐውልት ቆመለት። ተኳሹ ግን ለዚያ አገልግሎቱ ደረቱ ላይ የሚያደርጋትን ምልክት ካናዳ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፣ ያውም በሕይወት ከቆየ!

ለጽሑፉ የቆመችው፦
እንግዲያው ንዴትህን ሐውልቱ ጋ ውሰደዋ! ግድግዳው ላይ ያለችው አንቀጽ ምን አደረገችህ?