ውዳሴ ለፊልም ደረጃ አውጪው

ጎጃም ቅኔ ሲዘረፍ የኖረበት አገር ነው። አሁን ደግሞ ፊልምም ይዘረፋል። ሁለቱን ዘረፋ አስማምቶ የያዘ ባለሙያ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከዳንግላ እስከ ሞጣ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ የዓመቱን ምርጥ ፊልሞች ከ10 እስከ 1 ቆጥሮ የሚሰድረው ደረጃ አውጪ ማለት ነው። ለዚህ ሰው እስከ ዛሬ ሐውልት አለመቆሙ ያሳፍራል።

የዋሸራ የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ እስኪሞላለት ስንት ክረምት አኩፋዳውን አንግቶ ይዞራል? የቆጠረውንም ቅኔ መምህሩ ፊት አቅርቦ ሲታረምበት፣ ሲጣልበት፣ እንደገና ሲቆጥር ይኖራል። ደረጃ አውጪያችን ይህን ሁሉ እንግልት አስቀርቶልናል። አቦል ሲቀዳ አሥረኛውን ይጠራል፤ ቶናው ላይ አምስተኛው ይታወቃል፤ በረካ ሳይደርስ አንደኛው ነግሧል። ሃያ ፊልም በወጉ ደረጃ ይውጣለት ቢባል፣ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ለማነጻጸር 190 ጥንድ መመዘን ያስፈልጋል፤ አሥር ብቻ እንኳ ቢሆን 45። እንዲህ ያለው ልፋት የቢቸና ጤፍ ነጋዴ ነው። እሱ ነጩን ከሰርገኛው ለመለየት እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ሰዶ፣ ከሥር ዘግኖ፣ መዳፉ ላይ በትኖ ያያል። ምስኪን፤ የጆንያውን ፎቶ አይቶ መፍረድ እንደሚቻል የነገረው የለም።

በዘመን አቆጣጠር ላይ የሚያሳየው ጥበብም ለብቻው ሊደነቅ ይገባል። የፈረንጅ ተቺዎች ዝርዝራቸውን የሚያወጡት የራሳቸው ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ በእኛ ኅዳር ማብቂያና ታኅሣሥ ላይ ነው። የእኛም ሰው አብሯቸው ያወጣል። በእኛ ግን ዓመቱ ገና አራተኛ ወሩን መያዙ ነው፤ ስምንት ወር ከነጳጉሜኑ ይቀረዋል። ለዚህም መላ አለው፤ ጳጉሜን ላይ ሌላ ዝርዝር ያወጣል። እንደ ቆጋ መስኖ በዓመት ሁለቴ ማምረት ነው። «የ2017 ምርጥ ፊልሞች» ብሎ ርዕስ የሰጠ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ይጣፍጣል። የእኛ 2017 በእነሱ 2024 ላይ ተጀምሮ 2025 ላይ ያልቃል፤ ስልኩ ላይ «2017» ብሎ የፈለገ ሰው የሚመጣለት ግን ከሰባት ዓመት በፊት ለፈረንጆች ያረጀባቸው ነው። ደረጃ አውጪው ያገኘውን አይጥልም፤ ይሰድረዋል። እዚያው መኻል በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የሻውሻንክ እስር ቤት ፊልም ብቅ ይላል። ይህ ፊልም ሲኒማ ቤት በገባበት ጊዜ ገቢው አልሆን ብሎ፣ በ7 ዘርፍ ለኦስካር ታጭቶም ባዶ እጁን የተመለሰ ነው። እኛ ዘንድ ግን 30 ዓመት ሙሉ «የዘንድሮ» ነው። ከፍትሕ አንጻር ካየነው የተበደለን መካስ ነው።

አሥሩ ወንበሮች በዘፈቀደ የሚሞሉ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የአገር ውስጥ ፊልም ምንጊዜም ዘጠነኛ ነው። አሥረኛ ቢሆን ንቀት ይመስላል፤ አምስተኛ ቢሆን ደግሞ ፊልሙን ማየት ሊያስፈልግ ነው። ሦስተኛው ሕዝብ የወደደው ነው፤ ደረጃ አውጪው ከሕዝብ እንዳልራቀ ይመሰክርለታል። አንደኛው ከእሱ ሌላ ማንም ያላየው ሲሆን፣ «ላም አለኝ በሰማይ» እንዲሉ፣ ባለቤቱም ቢሆን ወተቷን አልቀመሰም። «7ሀ» እና «7ለ» ይገባሉ፤ ከሥር «ሳይጠቀሱ የማይታለፉ» ተብለው ሌሎች ስድስት ይደረደራሉ፤ አሥሩ አሥራ ሰባት ሆኖ ያድራል። ነጥብ ሲሰጥም ከ8.5 አይወርድም፤ ከ1 እስከ 8 ያሉት ቁጥሮች ለጌጥ ናቸው።

አንድ አዛውንት ጣልቃ ቢገቡ እንኳ መልስ አያጣም።

«ወንድምዓለም፣ ይሄ አራተኛው ከአምስተኛው በምን በለጠ?»

«በፍሰቱ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ዓባይም ይፈሳል፤ አራተኛ ነው?»

የውዳሴያችን እምብርት ግን ፍላሹ ነው። ዳይሬክተር፣ ተዋናይ፣ ጸሐፊ እየተባለ ይወራል እንጂ፣ በጎጃም የፊልም ደረጃ ላይ የመጨረሻው ዳኛ የፍላሽ ፎርማት ነው። ፋት 32 በሚባለው ፎርማት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ውስጡ 50 ጊጋ ባዶ ቢሆንም ፋይሉ ትልቅ ነው ብሎ ይመልሳል። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አሮጌው ቴሌቪዥን ወይም ሪሲቨር ፍላሹ መሰካቱንም ላያውቅ ይችላል። ቴሌግራም በነፃ የሚያሳልፈው አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ነው። ስለዚህ በጥሩ ጥራት የተቀመጠ የሦስት ሰዓት ፊልም ውድድሩ ሳይጀመር በሚዛን ይወድቃል። ደረጃ አውጪው «ዘንድሮ ረጃጅሞቹ ፊልሞች አላረኩም» ብሎ የሚያጠቃልለው ይህንን ነው።

«ዳይሬክተሩ ዝምታን እንደ ቋንቋ ተጠቅሞበታል» የሚለውን አድናቆት ደግሞ እንመርምረው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ዲቲኤስ በሚባለው አሠራር የተቀመጠን ድምፅ አያነቡም። ምስሉ ይሄዳል፤ ድምፁ የለም። ያንኑ ፋይል ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ቢከፍተው ሰዎቹ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሲጨቃጨቁ ይሰማቸው ነበር፤ ግን ዝምታው ከየት ይመጣል? ኤችኢቪሲ በሚባለው አሠራር የተጨመቀው ፋይል ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ድምፁ እየመጣ ምስሉ ይጠፋል። እሱ «ጨለማን የደፈረ» ተብሎ ሁለተኛ ይወጣል።

«መጨረሻውን ለተመልካች የተወ» የሚባለውም ምስጢር አለው። 64 ጊጋ ተብሎ የተሸጠ ፍላሽ ውስጡ 8 ብቻ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩን እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ መጠኑን 64 ብሎ ያሳያል፤ 8ቱ ሲሞላ ቀሪውን የጻፈ መስሎ ይጥለዋል ወይም በፊተኛው ላይ ይደርበዋል። የፋይሉ ስምና መጠን ግን እንዳለ ይታያል። ፊልሙ ይከፈታል፣ ይሄዳል፣ 40ኛው ደቂቃ ላይ ቀጥ ይላል። ፍላሹን ጠርዝ እስከ ጠርዝ ጽፎ መልሶ በሚያነብ መፈተሻ ማጣራት ይቻላል፤ ኮፒ ሳያልቅ መንቀልም ያው ውጤት ያመጣል። ደረጃ አውጪው ግን እንዲህ ያለ ተራ ነገር ውስጥ አይገባም። ጀግናው በሩን ሊከፍት እጁን ዘርግቶ ቀረ፤ ከዚህ የበለጠ ፍልስፍና የት አለ?

የግርጌ ጽሑፉን ነገር ሳንነካ ብናልፍ ግፍ ነው። አንዱ ፊልም በሰከንድ 23.976 ምስል እየሄደ፣ ጽሑፉ ለ25 ምስል ተብሎ ከተሠራ፣ ጽሑፉ እየቀደመ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ አይታወቅም፤ በየደቂቃው ወደ 2.5 ሰከንድ እየጨመረ፣ ሁለት ሰዓት ሲሞላ አምስት ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ገዳዩ ሳይገድል ይናዘዛል፤ ልጅቷ ሳትጠየቅ «እሺ» ትላለች። ቪኤልሲ ላይ «ኤች» የሚለውን ፊደል መጫን ጽሑፉን ወደኋላ ያዘገያል፤ ግን አንድ ጭነት 50 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ልዩነት ለመከተል በየደቂቃው 50 ጊዜ ገደማ መጫን ያስፈልጋል። መፍትሔው ጽሑፉን ማዘግየት ሳይሆን፣ እዚያው ማስተካከያው ውስጥ ያለውን የጽሑፍ ፍጥነት መቀየር፣ ወይም ለዚያው ቅጂ የተሠራውን ጽሑፍ ፈልጎ ማምጣት ነው። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። የእኛ ሰው ሁለት ደቂቃ የለውም፤ «ታሪኩን ከፊት ወደኋላ የሚተርክበት አዲስ ስልት» ብሎ አራተኛ አድርጎታል።

ከሲኒማ ቤት በካሜራ የተቀዳውስ? ከስክሪኑ ግርጌ አንድ ራስ ብድግ ይላል፤ ውኃ ሽንት ሊሄድ ነው። ሳቁ ሩሲያ ይሁን ህንድ የት እንደሆነ አይታወቅም። ላዩ ላይ የውርርድ ማስታወቂያ ይሮጣል። የስክሪኑ ዳርና ዳር ስለተቆረጠ ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች የሚታየው አንዱ ብቻ ነው። ለዚህ ቅጂ «ሲኒማቶግራፊ፦ 9.1» ተሰጥቶታል።

ትርጉም ፊልም የመጣ ጊዜ ግን ደረጃ አውጪያችን ከራሱ በላይ ይሆናል። አንድ ተርጓሚ የወንዱንም የሴቷንም የፖሊሱንም የውሻውንም ድምፅ እየተጫወተ፣ ሲሰለቸው አንድ ጨዋታ ጣል እያደረገ፣ የረዘመበትን እየቆረጠ፣ የሁለት ሰዓቱን ፊልም ሃምሳ ደቂቃ ያደርገዋል። ዋናው ፊልም ላይ ሁለት ወንድማማቾች ዝም ብለው ተያይተው የሚለያዩበት ቦታ ላይ፣ ተርጓሚው የሩብ ደቂቃ ቀልድ ጨምሮበታል። ዝርዝሩ ላይ «የዓመቱ ምርጥ የጽሑፍ ሥራ» ተብሎ የሚመሰገነው በሆሊዉድ የተከፈለው ደራሲ ነው። ቀልዱን የፈጠረው ልጅ ስሙም አይነሣም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ብሆን ብዙ ጊዜ ነጥቡን ለልጁ እሰጥ ነበር።

ጊዜ ቁጠባውም አይረሳ። በ1.5 ፍጥነት የተከፈተ የ120 ደቂቃ ፊልም በ80 ደቂቃ ያልቃል። ንግግሩ በ1.5፣ ድብድቡ በ1፣ ኀዘኑ በ2 ይታያል። ከዚያ በኋላ «ፊልሙ ይቸኩላል» ተብሎ ይነቀፋል።

ይህን ሁሉ እያየን ፈረንጆቹን ስናይ እናዝንላቸዋለን። ሳይት ኤንድ ሳውንድ የሚባለው የእንግሊዝ መጽሔት ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዘመናት ምርጥ ፊልሞችን የሚያስመርጠው በአሥር ዓመት አንዴ ነው። አሥር ዓመት! የእኛ ሰው በዚያ ጊዜ ሃያ ዝርዝር አውጥቶ ሃያውንም ረስቶታል። በ2022 እ.ኤ.አ. 1,639 ሰዎችን ጠይቀው አንደኛ ያደረጉት የዳይሬክተሯ የሻንታል አከርማንን «ዣን ዲየልማን» ነው፤ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 201 ደቂቃ የሚፈጅ፣ አንዲት የቤት እመቤት ወጥ ቤቷ ቁጭ ብላ ድንች ስትልጥ በዝግታ የሚያሳይ ፊልም። ለሰከላ ወይም ለአዊ ሰው ድንች ሲላጥ ለማየት ሦስት ሰዓት ተኩል የሚጠጋ ፊልም ፍላሽ ላይ ማስጫን አያስፈልገውም፤ ማዶ ጎረቤት ዘንድ ብቅ ማለት ይበቃዋል፤ ከዚያም በላይ የተቀቀለው ይቀርብለታል። የሚገርመው፣ ደረጃ አውጪያችን ይህን ፊልም ስድስተኛ አድርጎታል፤ «ትንሽ ድርጊት ይጎድለዋል» ከሚል ማስታወሻ ጋር። ሴትዮዋ በመጨረሻ ምን እንደምታደርግ ያየ ሰው ይህን አይጽፍም።

የኦስካሩ አካዳሚ ደግሞ 97 ጊዜ ከሸለመ በኋላ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. አንድ ግራ የሚያጋባ ደንብ አወጣ፤ አባላት በመጨረሻው ዙር ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት በዚያ ዘርፍ የታጩትን ፊልሞች ሁሉ ማየት አለባቸው አለ። ምን ዓይነት አለመተማመን ነው? የእኛ ሰው በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ ፊልም ሳይገባ ዝርዝር ማውጣቱን አላቆመም። ያን ዓመት እንዲያውም ውድድሩ ጠንካራ ነበር ብሏል።

ዝርዝሩ በወጣ በሦስተኛው ቀን ደረጃ አውጪው ራሱ ፊልም የሚጭነው ልጅ ሱቅ ብቅ ይላል። ፍላሹን ከቁልፉ ማንጠልጠያ ይፈታል።

«አንደኛውን ጫንልኝ እስቲ።»

«የትኛውን አንደኛ?»

«የእኔን አንደኛ። እስኪ ልየው።»

ልጁ ፈልጎ ያገኘዋል።

«4.6 ጊጋ ነው፤ ፍላሽህ አይቀበለውም። ፎርማት ላድርግልህ?»

«ተው፣ ውስጡ የእህቴ ሠርግ አለ። ሁለተኛውስ ስንት ነው?»

«1.4።»

«በል እሱን ጫነው፤ አንደኛ እሱ ነው።»