አልበላም ማለት ሁሌ ጭንቀት አይደለም
«እባብ ምግብ እምቢ ካለ ተጨንቋል ማለት ነው» በሚለው አልስማማም። እዚህ አሜሪካ ልጄ ቦል ፓይተን የሚባል፣ ቤት ውስጥ የሚረባ መርዝ የሌለው እባብ ካመጣ አምስት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ክፍሉ አልገባም ብዬ ነበር፣ አሁን ውሃውን የምቀይረው እኔው ነኝ። ይሄ ዝርያ፣ በተለይ ወንዱ፣ በብርዱ ወራት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። ቆዳውን ሊቀይር ሲል ደግሞ ዓይኑ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ያኔ አይጥ ብታቀርቡለት ዞር ብሎም ላያይ ይችላል። እኛ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርገን በወጥ ቤት ሚዛን እንመዝነዋለን (ሚዛኑ የእሱ ብቻ ነው፣ አትሳቁ)። ክብደቱ ካልወረደ አንደነግጥም። እውነተኛውን ጭንቀት ያየነው ሌላ ጊዜ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫውን የሚኖርበት ሳጥን መስታወት ላይ ሲፈትግ ያድር ነበር፣ እስኪላላጥ ድረስ። ለካ መደበቂያው አንድ ብቻ፣ እሱም ሞቃቱ ጥግ ላይ ነበር። መቀዝቀዝ ሲያምረው መደበቂያ የሌለበት ገላጣ ቦታ ላይ መውጣት ሊኖርበት ነው! 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ጥግና 26 ግድም ባለው ጥግ አንድ አንድ ጠባብ መደበቂያ አደረግንለት፣ ሰውነቱ ግድግዳውን እንዲነካ። በሳምንቱ መፈተጉን ተወ። «ለእባብ ሰፊ ሳጥን ጭንቀት ነው» ወይም «ሰፊ ሳጥን ግዙለት» የምትይ እህቴ ካለሽ፣ ስፋቱ አይጎዳም፣ ባዶነቱ ነው የሚያስፈራው። በቅጠልና በቅርንጫፍ ሙሊለት። ከበላ በኋላም ለ48 ሰዓት አትንኪው፣ የዋጠውን ሊያስመልሰው ይችላል። ያንን ደግሞ እኔ ነኝ ያጸዳሁት።