«ዓመቱ ይባክናል» ብላችሁ ብድር አትፈርሙ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ባሉ የሀበሻ ቤቶች ኤፕሪል ሲደርስ የሚነሳ ክርክር አለ። ልጅቷ ሎው ስኩል (የሕግ ትምህርት ቤት) ገብታለች። ግማሹን ክፍያ የሚሸፍን ስኮላርሺፕም ተሰጥቷታል። እሷ ግን «ዘንድሮ ይለፈኝና ኤልሳቱን ደግሜ ልፈተን» ትላለች፤ ኤልሳት የሎው ስኩል መግቢያ ፈተና ነው። ቤተሰብ ይደነግጣል። «እግዜር የሰጠሽን ትገፊያለሽ? ዓመት ሙሉ ቁጭ ልትዪ?»

እኔ አብዛኛውን ጊዜ ከልጅቷ ጋር ነኝ።

የወላጆች ድንጋጤ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እኛ የምናውቀው ፈተና አንዴ መጥቶ ዕጣ ፈንታችንን ወስኖ የሚሄደውን ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በ2015 ዓ.ም. ሲነገር የሆነውን አስታውሱ፤ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ለመጣ ሰው፣ ያለፈ ልጅ «ልድገም» ሲል ዕብደት ነው የሚመስለው።

ኤልሳት ግን ሌላ ነው። ማለፍና መውደቅ የለውም፤ ከ120 እስከ 180 ባለው መስመር ላይ የት ነሽ ብቻ ነው የሚለው። አምስት ዓመት ውስጥ እስከ 5 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ እስከ 7 ጊዜ መፈተን ይቻላል። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉንም ውጤት ያያሉ፣ ስለ ተማሪዎቻቸው በይፋ ሪፖርት የሚያደርጉት ግን ከፍተኛውን ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ውጤት ዝቅ ቢል እንኳ የመጀመሪያውን አያጠፋውም። የኮሌጅ ጂፒኤዋ ከምረቃ በኋላ ተዘግቷል፤ ከማመልከቻዋ ውስጥ ገና ሊቀየር የሚችል ትልቁ ቁጥር ይሄ ነው።

ትምህርት ቤቶች ገንዘቡን ለምን እንደሚሰጡም ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ስኮላርሺፑን የሚሰጡት ልጃችሁ ስለተቸገረች አይደለም። በየዓመቱ አዲስ የሚገቡ ተማሪዎቻቸውን የኤልሳት የመሃል ውጤት ይፋ ያደርጋሉ፣ ዩኤስ ኒውስ የሚባለው ድርጅት ትምህርት ቤቶችን በሚያወዳድርበት የደረጃ ሰንጠረዥ ላይም ይቆጠርላቸዋል። የአንድ ትምህርት ቤት የመሃል ውጤት 160 ነው እንበል። 159 ያላት ልጅ ወደ ታች ትጎትተዋለች፣ 162 ያላት ወደ ላይ ታነሳዋለች፤ ገንዘቡ የሚሄደውም ወደ ሁለተኛዋ ነው። ሦስት ነጥብ፣ በሦስቱ የሎው ስኩል ዓመታት ሲባዛ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ሃርቫርድ፣ ዬልና ስታንፎርድ ብቻ ለየት ይላሉ፣ የሚረዱት በቤተሰብ አቅም ነው።

አሁን የስኮላርሺፕ ደብዳቤውን አውጡትና አብረን እናንብበው። ላይ ላይ «እንኳን ደስ ያለሽ» እና በደማቅ የተጻፈ ቁጥር አለ። ቁጥሩን አይታችሁ አትቁሙ። ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ከክፍሉ የላይኛው ግማሽ ውስጥ እስከቆየሽ ድረስ ይታደሳል» የሚል ነገር ካለ ነገሩ ተለወጠ ማለት ነው። በሎው ስኩል የመጀመሪያ ዓመት ውጤት የሚሰጠው ተማሪን ከተማሪ ጋር በማወዳደር ነው፣ ብዙ ጊዜም በሴሚስተሩ መጨረሻ ባለች አንዲት ፈተና። ሁሉም ጎበዝ ነው፣ ሁሉም እንቅልፍ አጥቶ ያጠናል፣ ግማሹ ግን የግድ ከታች ይሆናል። ክፍያው በዓመት 60,000፣ ስኮላርሺፑ 30,000 ዶላር ቢሆን፣ ከአንደኛ ዓመት በኋላ ከተነጠቀች ሌላ 60,000 ዶላር ከየት ይመጣል?

ደግነቱ ይሄ ነገር የሚደበቅ አይደለም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እውቅና የሰጣቸውን ትምህርት ቤቶች 509 የሚባል ሪፖርት በየዓመቱ ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያወጡ ያስገድዳል። እንዲህ ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ያለው ስኮላርሺፕ ከተሰጣቸው ተማሪዎች ስንቱ እንደተቀነሰባቸው ወይም እንደቀረባቸው በቁጥር ተቀምጧል። ከመፈረማችሁ በፊት እሱን ክፈቱ፣ እባካችሁ።

ብድሩም እንደ ድሮው አይደለም። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት፣ የቀረውን ወጪ ሁሉ ይሸፍን የነበረው ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ አይሰጥም። ለሕግ ተማሪ የፌዴራሉ ጣሪያ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ሆኗል። ክፍያው፣ ኪራዩና ምግቡ ተደምሮ ከዚያ ካለፈ የቀረው የግል ባንክ ብድር ነው። ባንክ ደግሞ ኮሳይን የሚያደርግ፣ ማለትም እሷ ካልከፈለች ዕዳውን የሚከፍል ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ሌሊት ኡበር የሚነዳው አባት ነው፣ ነርሲንግ ሆም ድርብ ሺፍት የምትሠራው እናት ናት፣ ወይ ቤት ለመግዛት ክሬዲቱን ሲጠብቅ የኖረ አጎት ነው። የግል ብድር በመንግሥት ወይም በበጎ አድራጎት ሥራ 10 ዓመት ላገለገለ ሰው የሚደረገው የዕዳ ስረዛም አይነካውም።

«ጠበቃ ስትሆን ትከፍለዋለች» የሚለውን ሁሌ እሰማለሁ። ትልልቆቹ የኒው ዮርክ የጥብቅና ፈርሞች ለጀማሪ በዓመት 225,000 ዶላር እንደሚከፍሉ እውነት ነው። እዚያ የሚገባው ግን ጥቂቱ ነው። ችግር የገጠመውን ወገን በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ልወክል የምትል ልጅ የዚያን ግማሽ እንኳ አታገኝም፣ እኛ ደግሞ እንደሷ ያሉ ጠበቆች በጣም ያስፈልጉናል። ዕዳ እንዲህ ያለችውን ልጅ ከሕልሟ ሲያስወጣት ማየት ነው እኔን የሚያሳዝነኝ። ከዚህ አንጻር በፓራሊጋልነት (በጠበቃ ረዳትነት) እየሠራች፣ እያጠናች የምታሳልፈው አንድ ዓመት ባከነ አይባልም።

ይሄ ማለት ሁሉም ይድገም ማለት አይደለም። ሙሉ ክፍያ የሚሸፍን፣ ቅድመ ሁኔታ የሌለበት ስኮላርሺፕ፣ ሠርታ መኖር በምትፈልግበት ከተማ ካለ ጥሩ ትምህርት ቤት ካገኘች ትያዘው! ለስም ብላ አትተወው። ሌላው ደግሞ አቅም ነው። ፈታኙ ድርጅት ኤልሳክ ራሱ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ነጥብ ያህል ሊወዛወዝ እንደሚችል ያሳያል። ቤት ውስጥ ሰዓት ይዛ የሠራቻቸው የቅርብ ልምምዶች ከውጤቷ ካልበለጡ ድጋሚው ዕድል መሞከር ብቻ ነው። በ4 ወይም 5 ነጥብ የሚበልጡ ከሆነ፣ ወይም ስትፈተን አሟት ከነበረ፣ ትድገም። የምትደግም ከሆነም በአዲሱ ፈተና ትዘጋጅ፤ የሎጂክ ጨዋታ የሚባለው ክፍል ከኦገስት 2024 ጀምሮ ስለቀረ አሮጌ መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ ጉልበት መጨረስ ነው። ገንዘብ ካጠረ ኤልሳክ ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ ፕሮግራም አለው፣ ሎውሃብ በሚባለው የልምምድ ድረ ገጹ ላይም በነፃ የሚሠሩ ሙሉ ፈተናዎች አሉ። ማመልከቻውም ሴፕቴምበር ላይ ይግባ፤ ወንበሩም ገንዘቡም በጊዜ ለመጣ ነው የሚበቃው።

እምቢም እሺም ከማለት በፊት አንድ ኢሜይል ይላክ። ሀበሻ ገንዘብ ጨምሩልኝ ማለት ያሳፍረዋል፣ እዚህ አገር ግን ነውር አይደለም፤ ከትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹ ጥያቄውን ይጠብቁታል። ከተመጣጣኝ ትምህርት ቤት የተሻለ ደብዳቤ ካለ ታያይዘው፣ የውጤት ቅድመ ሁኔታው ይነሳልኝ ብላ በግልጽ ትጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ትቀበል። ይሄ ሁሉ ወንበር ለማስያዝ የሚከፈለው የዲፖዚት ቀን ከማለፉ በፊት መሆን አለበት።